ጭብጨባ የሚሰማው መብራት

ሥራ ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ። በእነዚህ ሰባት ወራት የቤታችንን የግድግዳ ሰዓት አራት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ሰዓቱ ምንም አልሆነም ነበር። በአራተኛው ጊዜ ባለቤቴ «እስቲ ተወው፣ እሱም ጡረታ ይውጣ» አለችኝ። እጄ ሥራ ሲፈታ እግሬ ይነሣል፣ እግሬ ሲደክም ደግሞ አፌ ይጀምራል። ልጆቼ ወሬዬ ሲሰለቻቸው ደብተር ገዝተው ሰጡኝና ጻፈው አሉኝ። ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን የጻፍኩት ቆሜ ነው።

ሥራዬ ዕቃ መጠገን ነበር። ሬዲዮና ቴፕ ማንም ይጠግናል። እኔ የታወቅሁት ሌላው ጠጋኝ ገልብጦ አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ በሚመልሰው ዕቃ ነው። በደርግ ጊዜ ሱቁ ሁሉ ባዶ ነበር ብለው የሚያወሩ ሰዎች እውነታቸውን ነው፣ ሱቁ ባዶ ነበር። ሻንጣው ግን ባዶ አልነበረም። ለትምህርት ምሥራቅ አውሮፓ የሄደ ተማሪ፣ ከአሰብ የሚነሣ መርከበኛ፣ ለስብሰባ የተላከ ልዑክ፣ ሁሉም ሲመለስ አንድ ጉድ ይዞ ይመጣል። ጉዱ ስድስት ወር ይሠራና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ፣ ሬዲዮና የፀጉር ማድረቂያ በሚሸጥ ትልቅ መደብር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። መደብሩ ተወርሶ የመንግሥት ከሆነ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት አለቆች አየሁ። የመጀመሪያው ሥራውን ያውቃል፣ እኛን አያውቅም። ሁለተኛው እኛን ያውቃል፣ ሥራውን አያውቅም። ሦስተኛው ሁለቱንም አያውቅም፣ ስብሰባ መምራት ግን ይችላል። የሚጠገን ዕቃ አልቆ የሚሞላ ቅጽ ብቻ ሲቀር መቀመጥ አቃተኝ። ደመወዝ ያለው ሥራ ትቼ ስወጣ እናቴ አለቀሰች። የሄድኩት ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። የሱቋ ባለቤት ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ።

ጋሽ ወርቅነህ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የእሑድ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። የሸጎሌ ገበያ በሬዎች ሲያልፉ መደርደሪያው ሲንቀጠቀጥ እኔ ዕቃ ልይዝ እዘላለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከሥራቸው አያነሡም። ዕቃ ሲፈቱ ብሎኖቹን ሣህን ላይ አይጥሉም። የጧፍ ሰም አቅልጠው በቆርቆሮ ክዳን ላይ ያፈሱና ሰሙ ሳይደርቅ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ልክ ይተክሉታል። የተፈታው ሬዲዮ ከሆነ ሰሙ ላይ የሬዲዮ ቅርጽ ይወጣል። «ብሎን ቤቱን ከረሳ ሌላ ቤት ገብቶ ያፈርሳል» ይላሉ። ዕቃ «ተበላሸ» አይሉም፣ «ደክሞታል» ነው የሚሉት። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ የራሴን የልብ ምት ብቻ ነበር የምሰማው።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን ጥያቄያቸው ነው። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ፣ ምን ሆነ ከማለታቸው በፊት፣ «የት ነው የሚቀመጠው?» ይላሉ። መስኮት ሥር ነው? ማድ ቤት ነው? ማን ነው የሚነካው? ሌሊት ማን አጠገቡ ይተኛል? ሰውየው ዕቃውን ትቶ የቤቱን ታሪክ ያወራል። እኔ በዚያ መሐል እጄን እያሻሸሁ እቁነጠነጣለሁ። ለእኔ ዕቃ ዕቃ ነው። ይከፈታል፣ ያበደው ሽቦ ይገኛል፣ ይገጠማል።

አንዳንዱ ዕቃ እርግጥ ያስቃል። አንድ ጡረተኛ ሻምበል በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ አመጡልን። ልጃቸው ከውጭ የላከው ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልጻፈላቸውም። ሻምበሉ አንድ ዓመት ሙሉ የጫማቸውን ክር ቀዳዳ ሲያጸዱበት ኖረዋል። ጋሽ ወርቅነህ «የት ነው የሚቀመጠው?» አሉ። «ከቀለሙ ጋር፣ ሣጥን ውስጥ» አሉ ሻምበሉ። ጋሽ ወርቅነህ ጠገኑት፣ የጥርስ ነው ብለውም አልነገሯቸውም። ሻምበሉ ሲወጡ ለምን ብዬ ስጠይቅ «ጫማቸውን አላየህም? ያበራል» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ አንድ አስተማሪ ዘፈን የሚዘፍን የእጅ ሰዓት ይዞ እየሮጠ መጣ። ሰዓቱ በየሰዓቱ ይዘፍናል። ያን ዕለት የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ለወደቁ ጓዶች የኅሊና ጸሎት ሲደረግ፣ ልክ አራት ሰዓት ሆነ። «ወይ አፉን ዝጉልኝ፣ ወይ ደግሞ ውሰዱት» አለ። ከጀርባው የተለጠፈችውን፣ ዘፈኑን የምታሰማውን ስስ ናስ አነሣሁለት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ዝም ብሎ ይቆጥር ጀመር። አስተማሪው ግን ሲሰናበተን እንኳ አልሳቀም። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ ሰዓት በመዝፈኑ ሰው ሊታሰር የሚችልበት ጊዜ።

አሁን ወደዚያ መብራት ልምጣ። እስካሁን ስዞር የቆየሁት እሱን ላለመጻፍ ነው።

ከሱቃችን ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ ጋሽ ኢያሱ የሚባሉ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ከሚስታቸው ከእትዬ ማርታ ጋር ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ሳሎኑም መኝታውም አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም የጋሽ ኢያሱ እናት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሳሎኑ ውስጥ ነበር የሚተኙት። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል፣ በየቤቱ ተሰብስበው ይጸልያሉ ይባላል። ይህን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። እኔ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ወርቅነህ ለቀብር ጫንጮ ሄደው ሱቁን ብቻዬን ይዤ ሳለሁ እትዬ ማርታ በነጠላ የተጠቀለለ ዕቃ ይዘው ገቡ። ሲፈታ የጠረጴዛ መብራት ነው። መርከበኛ የሆነው የባላቸው ወንድም ነው ያመጣው። ማብሪያ የለውም። ሰው ሲያጨበጭብ ይበራል፣ እንደገና ሲያጨበጭብ ይጠፋል። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ልቤ ዘለለች። ስለ እንዲህ ያለ ዕቃ ሰምቼ አውቃለሁ፣ በእጄ ግን ነክቼ አላውቅም።

«ያው የእማማ ነገር ነው» አሉ እትዬ ማርታ። «እጃቸው ደካማ ነው። በአንዱ እጃቸው ሌላውን መታ ቢያደርጉት መብራቱ አይሰማቸውም። እኛን ይሰማል፣ እሳቸውን አይሰማም። ሁልጊዜ እኛን መጥራት ደግሞ ያሳፍራቸዋል።»

«እንዲሰማቸው አደርገዋለሁ» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አልነካሁም። ከሆዱ ውስጥ ጆሮ የሆነች ማይክሮፎን አለች፣ አጠገቧ ደግሞ በካቻቢቴ ጫፍ የምትዞር፣ ከምስር የማትበልጥ ቁልፍ። ቁልፏን ስታዞራት ጆሮው ይከፈታል። ግን ዝም ብለህ ከከፈትከው ሳልም፣ ወንበርም፣ ውሻም ያበራዋል። ያ ጥገና አይደለም። ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ሁለት ትናንሽ ዕቃ ነቅዬ በስታኞ በየድኩበት፣ የጭብጨባን ሹል ድምፅ ብቻ እየለየ ሌላውን ችላ እንዲል። ብሳል ዝም። በሬ ሲያልፍ ዝም። ሁለት ጣቴን መዳፌ ላይ መታ ሳደርግ ግን ቦግ። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ሳቅሁ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ያማረ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሠራሁም። ይህን ዛሬም እላለሁ፣ ባልል ደስ ይለኝ ነበር።

መብራቱን ለእትዬ ማርታ ካስረከብኩ በኋላ ጋሽ ወርቅነህ ሲመለሱ እየዘለልኩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «የት ነው የሚቀመጠው?» አሉ።

«ሳሎን፣ አሮጊቷ አልጋ አጠገብ።»

«ሌላ ማን ይገባል እዚያ ሳሎን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

የያዙትን ካቻቢቴ አስቀመጡና «ሂድና ሲሰበሰቡ ከሶኬቱ ይንቀሉት በላቸው። ለማርታ ብቻ ንገራት፣ በር ላይ እንዳታወራ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ አንድ የሚናገር የሒሳብ ማሽን መጣልኝ፣ በእንግሊዝኛ ቁጥር የሚጠራ። በሚቀጥለው ቀን እሄዳለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው አልኩ። ትንሽ መንገድ ናት፣ አሥር ደቂቃ አትፈጅም። ለማይረባ ነገር ስቁነጠነጥ የምውል ሰው፣ ያቺን አሥር ደቂቃ አልሄድኳትም።

መብራቱን ባስረከብኩ በአሥራ አምስተኛው ቀን የቀበሌው ጥበቃ ከእንጦጦ ሲወርድ፣ ገና ሲመሽ፣ በጋሽ ኢያሱ መስኮት መጋረጃ ጀርባ መብራት ሲበራና ሲጠፋ አየ። ቆሞ ቆጠረ። በሲጋራ ፓኮ ላይም ጻፈው፤ ይህን ያህል በራ፣ ይህን ያህል ጠፋ፣ እንደገና በራ። ለማን ነው ምልክት የሚሰጡት? ጫካው ውስጥ ማን አለ? በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ሰው ይገድል ነበር። ጥበቃው ሰው ጠርቶ ሲመለስ ቤት ውስጥ የነበሩት ቤተሰቡ ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ኢያሱን ከነመብራቱ ወሰዷቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። መብራቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ኢያሱ ከጎኑ ቆመዋል፣ ጫማቸው ክር የለውም። እትዬ ማርታ ከኋላ አግዳሚ ላይ ናቸው። ጋሽ ወርቅነህና እኔ ባለሙያ ተብለን ተጠርተናል። ሊቀመንበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ እኛው ፈርቶ የሚያድር ሰው ነበር።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ይሄ ምንድን ነው? የምልክት መሣሪያ ነው?» አላቸው።

ጋሽ ወርቅነህ ተነሡ። በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የምን መሣሪያ» አሉ። «ያበደ መብራት ነው። ለጥገና መጥቶ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሽቦ ከሽቦ አገናኘሁበት። ሲፈልግ ይበራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ዝናብ ሲመታም ይበራል። እንዲያውም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገንዘባቸውን እመልሳለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ትከሻው ረገብ ሲል አየሁት። የተሰጠውን ማምለጫ እሱም ፈልጎት ነበር። «በቃ እንግዲህ፣ ለተበላሸ ዕቃ ነው ሰው ያስቸገርነው» ብሎ እስክሪፕቶውን አነሣ።

ጥበቃው ግን በሲጋራ ፓኮው ላይ የጻፈው ነገር መሳቂያ ሲሆን አልወደደም። «የሠራው ታደለ ነው ተብሏል እኮ» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «እሱ ይናገር።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የሠራኸው? እንዳሉት ነው?»

«እንዳሉት ነው» ማለት ነበረብኝ፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብኝም። ግን እምላለሁ፣ በዚያች ሰዓት ጋሽ ኢያሱ አልታዩኝም። የታየኝ መብራቱ ነው። ሦስት ቀን የደከምኩበት ሥራ ያበደ ተብሏል፣ ሕዝብ ስቆበታል። ጆሮዬ ጋለ።

«አላበደም» አልኩ። «በደንብ ነው የሚሠራው።»

ጋሽ ወርቅነህ ኮቴን ከኋላ ያዙኝ። አስለቀቅኳቸው። ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ሶኬቱን ሰካሁት። ሳልሁ፣ አልበራም። ወንበር ጎተትኩ፣ አልበራም። «አያችሁ? ዝም ብሎ አይበራም» አልኩ። ከዚያ ሁለት ጣቴን መዳፌ ላይ መታ አደረግሁ። ቦግ አለ። ሰዉ «እህ!» አለ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፣ እንደገናም አደረግሁት።

ሊቀመንበሩ እስክሪፕቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፣ እንዲያውም ያዘነብኝ ይመስለኛል። ቀስ ብሎ «ታዲያ እዚያ ቤት ሲያጨበጭብ የነበረው ማን ነው?» አለ።

ገና ያኔ ነው የገባኝ። ጋሽ ወርቅነህ በውሸታቸው የዘጉት በር ይህ ጥያቄ ነበር። እኔ በእጄ ከፈትኩት።

«እማማ ናቸው» አሉ እትዬ ማርታ ከኋላ። «መብራቱ ለእሳቸው ነው የመጣው።»

«አሮጊቷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያጨበጭባሉ?» አለ ጥበቃው።

ጋሽ ኢያሱ አንገታቸውን አቀኑ። እስከዚያች ደቂቃ የተጠየቁት ስለ ምልክት ነበር፣ እሱንም አልሰጠሁም ብለዋል፣ እውነታቸውንም ነው። ስለ ጭብጨባ ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። «እናቴን ተዋት» አሉ። «እኔ ነኝ። እያጨበጨብን እየዘመርን ነበር። ሰዎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ ማንንም አትጠይቁ።»

የምልክቱ ክስ ቀረ። የምጽፈው እውነት ነውና ይህንንም ልጻፈው፤ አንዳንድ ሰው «አንተ ባትናገር ይገደሉ ነበር» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። አይደለም። ጋሽ ወርቅነህ ጨርሰውት ነበር፣ እስክሪፕቶው ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ኢያሱ በተከለከለው የጸሎት ስብሰባ ምክንያት አንድ ዓመት ከአራት ወር ታሰሩ። እናታቸው በሰባተኛው ወር ሞቱ። ልጃቸው አልቀበራቸውም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጋሽ ወርቅነህ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ቁልፉን እየፈለጉ «ታደለ፣ የጠየቁን ስለ መብራቱ አልነበረም፣ ስለ ሰውየው ነበር» አሉኝ። ገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ይህን ነገር አላነሡብኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ዕቃ ይዞ ሲመጣ «የት ነው የሚቀመጠው?» ሳልል ከፍቼ አላውቅም። ደንበኞቼ ጠባይ ነው ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ጋሽ ኢያሱ በተፈቱ በወሩ ሱቅ መጡ። ከስተዋል፣ ፀጉራቸው ነጥቷል። ጋሽ ወርቅነህ አልነበሩም። ተነሣሁ፣ ወንበሬን ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አሉ። «በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት እናቴ መብራቱን በራሷ እጅ ታበራው ነበር። ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ እንደ ልጅ ትስቃለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እስር ቤት ሳለሁ ሁልጊዜ እሱን ነበር የማስበው። እንዴት አድርገህ ነው የእሷን እጅ እንዲሰማ ያደረግኸው? አመሰግንሃለሁ ልልህም ነው።»

እኔስ ምን አልኩ? ስለ ሥራው ነገርኳቸው። ወረቀት አወጣሁ፣ ማይክሮፎኗን ሣልኩላቸው፣ ምስር የምታህለውን ቁልፍ፣ ከሞተው ሬዲዮ የነቀልኳቸውን ሁለት ዕቃዎች። ሳላቋርጥ አብራራሁ። ካቆምኩ ሌላው ቃል ሊመጣ ነው፣ እሱን ፈራሁት። ጋሽ ኢያሱ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ጨበጡኝና ወጡ።

ይቅርታ አላልኳቸውም። ከዚያም በኋላ አላልኳቸውም። በሬዲዮ አሳበብኩ፣ በቴፕ አሳበብኩ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ በኮምፒውተር፣ ሞባይል ሲመጣ በሞባይል። ሁልጊዜ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ፣ ሁልጊዜ ሥራ ነበረኝ። አሁን ሥራ የለኝም። ጋሽ ኢያሱ በሕይወት አሉ፣ ሰማንያን አልፈዋል፣ ከዚያው ቤት አልወጡም። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ እስከ አጥራቸው ሄጄ ተመልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ጫማዬን አጥልቄ ነበር፣ ከዚያ ቁጭ አልኩና ይህን ጻፍኩ። ጫማዬን ገና አላወለቅሁም።